አማች የማስገባት ጥያቄ፣ ቁጥር 4417

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «አባ ቆይ» ይሏቸዋል፤ ፊት ለፊት ግን «ጋሼ» ነው። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም፤ ያወጣው ሰው ግን ብዙም አልተቸገረም። ምንም ነገር ሲጠየቁ መጀመሪያ ከአፋቸው የሚወጣው ቃል «ቆይ» ነው። ጥያቄው «ምሳ በልተዋል ወይ?» ቢሆንም ያው ነው።

አባ ቆይ የአንድ ትልቅ የኢንሹራንስ ድርጅት የማሻሻያ ማከማቻ ጠባቂ ናቸው። ድርጅቱ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰርቨሮች አሉት። በእያንዳንዱ ሰርቨር ሆድ ውስጥ ፈርምዌር የሚባል፣ ማራገቢያው መቼ ይፍጠን፣ ዲስኩ እንዴት ይነበብ እያለ የሚያዝ ትንሽ ፕሮግራም ተቀብሯል። ከዚያ ከፍ ብሎ ደግሞ ድራይቨር የሚባል፣ በዕቃውና በዋናው ሲስተም መካከል ቆሞ የሚያስተረጉም ሌላ ፕሮግራም አለ። ሠሪዎቹ ኩባንያዎች ለእነዚህ በየወሩ ማሻሻያ ያወጣሉ። ማሻሻያ ደግሞ ሁልጊዜ የምሥራች ይዞ ነው የሚመጣው፤ ፍጥነት ይጨምራል፣ ቀዳዳ ይደፍናል፣ ያለፈው ማሻሻያ ያበላሸውን ያስተካክላል። አባ ቆይ የምሥራቹን እስከ መጨረሻው ያነቡና መነጽራቸውን አውልቀው «ቆይ» ይላሉ።

ማከማቻው ሦስት ፎልደሮች አሉት፤ ስማቸውን ያወጡላቸው ራሳቸው ናቸው። «ደጅ»፣ «ሳሎን» እና «ጓዳ» ይባላሉ። አዲስ የመጣ ሁሉ ደጅ ይቆማል። እዚያ ሠሪው በላከው አሻራ ይመሳከራል፤ መንገድ ላይ ማንም እንዳልነካካው ለማወቅ ነው። ከማን ጋር እንደሚስማማ፣ ከእሱ በፊት ማን መግባት እንዳለበት፣ ካልተስማማም ወደ ነበረበት መመለስ ይቻል እንደሆነ ይጠየቃል። ካለፈ ሳሎን ይገባል፤ ማለትም ማንም በማይጠቀምባቸው ሦስት አሮጌ ሰርቨሮች ላይ ተጭኖ ሠላሳ ቀን ይታያል። ሠላሳ ቀን በጨዋነት ከኖረ ነው ጓዳ የሚገባው። አራት መቶ አሥራ ሁለቱ ሰርቨሮች የሚቀምሱት ከጓዳ የወጣውን ብቻ ነው።

ይህን ሥርዓት የሚያማ ሰው ድሮ ነበር፤ አሁን የለም። ከስድስት ዓመት በፊት አባ ቆይ ጥርስ ሊያስነቅሉ የሦስት ቀን ፈቃድ በወጡበት ጊዜ፣ አንድ ችኩል ባልደረባ ማሻሻያ ከሠሪው ድረ ገጽ አውርዶ በቀጥታ አርባ ሰርቨሮች ላይ ጫነው። ማሻሻያው የማራገቢያ ነበር። አርባዎቹ ሰርቨሮች ያላቸውን ማራገቢያ ሁሉ እስከ ጥግ ለቀቁት። ጩኸቱ ከምድር ቤት ተነስቶ አራተኛ ፎቅ ሲደርስ የሂሳብ ክፍል ኃላፊዋ አውሮፕላን የሚወድቅ መስሏት ጠረጴዛ ሥር ገባች። ጥበቃው ጉዱን ሊያይ የሰርቨር ክፍሉን በር ቢከፍት ኮፍያው ከራሱ ላይ ተነስቶ ኮሪደሩን ይዞ ሄደ። ወደ ኋላ የሚመልሰውን ፋይል ያስቀመጠ ሰው ስላልነበረ ጩኸቱ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ቆየ፤ ሠራተኛው በወረቀት እየተጻጻፈ ነበር የሚነጋገረው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ድርጅቱ የለውጥ ኮሚቴ አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ቅጽ ሞልቶ፣ ኮሚቴው ፊት ቀርቦ፣ ሳይጸድቅለት አንዲት ማሻሻያ እንኳ አይነካም። ደንቡን ያረቀቁት አባ ቆይ ናቸው።

ይህ ሁሉ በመሥሪያ ቤት መልካም ነው። መከራው ሥራው አብሯቸው ቤት መግባቱ ላይ ነው።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ መነጽር ቤት ተቀጥራ የሰው ዓይን ትለካለች። ከአሥራ አራት ወር በፊት አንድ የአሳንሰር ጠጋኝ ይዛ መጣች። የተዋወቁት በሁለት ፎቅ መሀል ተጣብቆ በቀረ አሳንሰር ነው። እሷ ውስጥ፣ እሱ ጣሪያው ላይ ሆነው በአንዲት ቀዳዳ አርባ ደቂቃ አውርተዋል፤ አሳንሰሩ ከተለቀቀ በኋላም ወሬው አላለቀም። እናቷ ልጁን ባዩት ቀን ወደዱት። አባ ቆይም ጨበጡት፣ አስቀመጡት፣ ስለ ሥራው ሃያ ጥያቄ ጠየቁት። ሲሸኙት ሚስታቸው «እንዴት አየኸው?» ቢሏቸው መልሱ የታወቀ ነበር።

ወር በወር ላይ ተደረበ። ልጁ እሑድ እሑድ ይመጣል፣ ያጫውታል፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ካለ ያጠብቃል፣ ይሄዳል። ልጅቷ በጠየቀች ቁጥር አባቷ የሚያዩት አንድ ነገር እንደቀራቸው ይነግሯታል። ክረምቱን እንየው አሉ፤ ክረምቱ አለፈ። ሲታመም እንየው አሉ፤ ጉንፋን ያዘው፣ ዳነ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያሉም ይተርታሉ። ሚስታቸው መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ በኋላ ሳቁ አለቀባቸው።

«ያንተ እንቁላል» አሉ አንድ ቀን ሳህን እያደራረቁ፣ «እግር ሳያወጣ በእርጅና ሊሞት ነው።»

አባ ቆይ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ልጁንም አልጠሉትም፤ እንዲያውም ቧንቧ ሲያጠብቅ አጠገቡ ቆመው ቁልፍ ማቀበል ይወዱ ነበር። የፈሩት ሌላ ነው። በሥራቸው ያልተስማማ ነገር ቢገባ ወደ ነበረበት የሚመልሱበት ፋይል ሁልጊዜ በእጃቸው ነው። ለልጃቸው ግን እንዲህ ያለ ፋይል የላቸውም፤ ይህን ሲያስቡ አፋቸው «ይሁን» የሚለውን ቃል መሥራት ያቅተዋል።

በመጨረሻ አንድ እሑድ፣ ልጁ ተሸኝቶ በሩ ሲዘጋ፣ ልጅቷ አባቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻላቸው ነበር።

«አባዬ፣ የሚመጣው እሑድ እናቱ ምሳ ይመጣሉ። እሳቸው ባሉበት ቃልህን ስጠኝ። ይሁን ካልክ ይሁን። አይሁን ካልክም ልወቀው። ቆይ ካልክ ግን እኛው ሄደን እንፈራረማለን፤ አንተም እንደ ጎረቤት በፎቶ ታየዋለህ።»

ሰኞ እንቅልፍ ባጣ ዓይን ሥራ ገቡ። ማክሰኞ ጠዋት ደጅ የቆሙ ስድስት ማሻሻያዎች እያሉ አንዱንም ማየት አልቻሉም። ጭንቅላታቸው የሚያስበው በአንድ መንገድ ብቻ ስለሆነ የለውጥ መጠየቂያ ቅጹን ከፈቱ። ለማንም ሊሰጡት አይደለም፤ ነገሩ በየሣጥኑ ተከፋፍሎ ቢቀመጥ ይታየኛል ብለው ነው።

ርዕስ በሚለው ላይ «አዲስ አማች ወደ ቤተሰብ ስለማስገባት» ብለው ጻፉ። ምክንያት፦ ልጅቷ ትወደዋለች። ለውጡ የሚነካቸው ሲስተሞች፦ ልጅ፣ እናት፣ እሑድ፣ የመኪና ማቆሚያ ቦታ። አጥፍቶ ማስነሳት ያስፈልጋል ወይ የሚለው ላይ «አዎ፣ ሁሉንም» አሉ። የአደጋ ደረጃ ላይ «ከፍተኛ» ጻፉ፤ ልጁን አሰቡና አጥፍተው «መካከለኛ» አደረጉት፤ ልጃቸውን አሰቡና መልሰው «ከፍተኛ» አደረጉት። የሲስተሙ ባለቤት በሚለው ላይ የራሳቸውን ስም አሰፈሩ። የመመለሻ ዕቅድ የሚለው ሣጥን ላይ ብዙ ቆዩና ባዶውን ተዉት። በመጨረሻም በአሥራ አራት ወር ያጠራቀሙትን የምልከታ መዝገብ፣ ሃያ ሦስት ነጥብ ያለውን፣ አባሪ አደረጉ።

ቅጹ ከታች ሁለት ቁልፎች አሉት፤ «አስቀምጥ» እና «ላክ»። አባ ቆይ በሥራ ዘመናቸው አንድም ቀን «አስቀምጥ»ን ተጭነው አያውቁም፤ በደንብ የታሰበበት ቅጽ ምን ሊሆን ይቀመጣል ባይ ናቸው። ጭንቅላታቸው ገና ልጃቸው ጋ ሳለ ጣታቸው የለመደውን አደረገ። ስክሪኑ ላይ አንዲት መስኮት ብልጭ አለችና ጥያቄዎ ቁጥር 4417 ሆኖ ተመዝግቦ ለኮሚቴው አባላት በሙሉ ደርሷል አለቻቸው።

ለኮሚቴው ጸሐፊ ደወሉ። ጸሐፊዋ በዕድሜ ልጃቸው ልትሆን የምትችል፣ ደንብ እንደ ዜማ በቃሏ የያዘች፣ ድምጿ የማይነሳ የማይወድቅ ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ደርሶኛል» አለች።

በስህተት ነው፣ ሰርዢው አሏት።

«ቁጥር ወጥቶለታል። ቁጥር የወጣለት ጥያቄ አይሰረዝም፤ ይጸድቃል፣ ይወድቃል ወይም ለእርማት ይመለሳል። አንቀጽ ሰባት።»

«አንቀጽ ሰባትን ማን ነው እንዲህ አድርጎ የጻፈው?»

«እርስዎ ነዎት ጋሼ።»

እውነት ነው። ያኔ ሰዎች ጥያቄ አስገብተው፣ ሰርዘው፣ በጓሮ በር ማሻሻያውን እንዳይጭኑ ብለው እሳቸው ናቸው የጻፉት። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይባላል፤ አባ ቆይ ደግሞ ሲቆፍሩ በሜትር ለክተው ነበር። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ወሬው ሕንፃውን አዳርሶ ጨርሷል። ኮፍያው የበረረበት ጥበቃ እንኳ ሲወጡ ብድግ ብሎ ስለ አማቹ ጤንነት ጠየቃቸው።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢዋ የመንታ ልጆች እናት የሆኑ፣ ነገር የማይረዝምባቸው ሴት ናቸው። በግራቸው የደህንነት ኃላፊዋ፣ በቀኛቸው የኔትወርኩ ሰውዬ፣ ጥግ ላይ ደግሞ በስብሰባ ዓይኑን ገልጦ የማያውቀው የዳታቤዙ ሰውዬ ተቀምጠዋል። ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። የዕለቱ የመጀመሪያ አጀንዳ አንድ የዲስክ ድራይቨር ነበር። እንደወትሮው ቢሆን አርባ ደቂቃ የሚያከራክር ነገር ነው፤ በአራት ደቂቃ አጸደቁት። ከዚያ ሁሉም ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገ። የዳታቤዙ ሰውዬ ዓይኑን ገለጠ፤ ቡናማ መሆኑን ያን ዕለት ነው ሁሉም ያየው።

አባ ቆይ ነገሩ ቀልድ ሆኖ ያልፋል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ግን እነዚህ ሰዎች እሳቸው ያሰለጠኗቸው ናቸው። ቁጥር ያለው ነገር ፊታቸው ከቀረበ መመርመር እንጂ ሌላ አያውቁም። የዳታቤዙ ሰውዬ አማቹ እዚያው ቤት ይኖር እንደሆነ ጠየቀ፤ ጭነቱን ለማስላት ነው። አይ፣ የራሳቸውን ቤት ያያሉ ተባለ፤ መዘገበ። የኔትወርኩ ሰውዬ የምልከታ መዝገቡን አስምሮበት ነው የመጣው። ነጥብ ሦስት ላይ ልጁ ሁለት ጊዜ አርፍዷል ይላል፤ ምክንያቱ ምን ነበር አለ። አባ ቆይ ሁለቱንም ጊዜ አሳንሰር ውስጥ ሰው ተይዞ እንደነበር ተናገሩ። የኔትወርኩ ሰውዬ ራሱን ነቀነቀ፤ የተቋረጠ አገልግሎት ሊያስነሳ የሄደን ሰው አረፈደ ብሎ መመዝገብ እሱ በሚያውቀው ሙያ ነውር ነው።

ሰብሳቢዋ ገጹን ገለጡ። «ነጥብ ሰባት። ‹ቀልዴን ሰምቶ አልሳቀም።› የትኛውን ቀልድ?»

አባ ቆይ አስፈላጊ አይመስለኝም አሉ። ሰብሳቢዋ ማስረጃ የሌለው ነጥብ መዝገብ ላይ መቆየት እንደማይችል አስታወሷቸው። ምን ይደረግ፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቀልዱን ነገሯቸው። ስለ አንድ አህያና ስለ አንድ ጠበቃ ነው፤ ረጅም ነው። ሲጨርሱ ክፍሉ ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣው ብቻ ይሰማ ነበር።

«ነጥብ ሰባት ይዘጋ» አሉ ሰብሳቢዋ ለጸሐፊዋ። «ጉድለቱ የአማቹ አይደለም።»

እንዲህ እንዲህ እያሉ አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ዘጉ። ክፍት ከቀሩት አራቱ አንዱ ደረጃ ሲወጣ ድምፁን አውጥቶ ይቆጥራል የሚለው ነበር፤ አደገኛ ባይሆንም ምክንያቱ ስላልታወቀ ነው። የመመለሻ ዕቅዱ ባዶ ሣጥን ላይ ሲደርሱ የደህንነት ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መመለሻ የሌለው ለውጥ በዚህ ጠረጴዛ ጸድቆ አያውቅም አለች። እውነቷን ነው። ሁሉም ወደ ሰብሳቢዋ ዞረ።

«እኔ መንቶቹን ስወልድ የመመለሻ ዕቅድ የጠየቀኝ የለም» አሉ ሰብሳቢዋ። «ቢጠይቁኝማ አንዳንድ ማክሰኞ እጠቀምበት ነበር። ቀጥዪ።»

የደህንነት ኃላፊዋ ቀጠለች፤ ሥራዋ ፊርማ ማጣራት ነው። «ለዚህ ልጅ የፈረመለት ማን ነው?»

«ልጄ ናት።»

«የእሷን ፊርማ ያምኑታል?»

አባ ቆይ መነጽራቸውን አወለቁ። ጸሐፊዋ ለቃለ ጉባኤው ብላ «ቆይ» የሚለውን ቃል አስቀድማ ጽፋው ነበር፤ ኋላ ሰረዘችው።

«ከእሷ ፊርማ በላይ የማምነው የለም» አሉ።

ጸሐፊዋ እጇን አወጣች። ቅጹ ላይ አንድ ስህተት አይቻለሁ አለች። የሲስተሙ ባለቤት በሚለው ሣጥን ላይ የጋሼ ስም ነው ያለው። በደንቡ መሠረት የማከማቻ ጠባቂ ያጣራል እንጂ አይወስንም፤ የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ይህን ለአዲስ ሠራተኞች ሁሉ ራሳቸው ጋሼ ናቸው የሚያስተምሩት።

«እና ጋሼ» አለች፣ ድምጿ ሳይነሳ ሳይወድቅ፣ «የዚህ ባለቤት እርስዎ ነዎት?»

ውሳኔው በቃለ ጉባኤ እንዲህ ሰፈረ፦ ጥያቄ ቁጥር 4417 ባለቤቱ በስህተት ስለተሞላ ለእርማት ይመለስ።

አባ ቆይ ወደ ጠረጴዛቸው ተመልሰው ቅጹን ከፈቱ። ከዚያ የራሳቸውን ስም አጥፍተው የልጃቸውን ስምና የኢሜይል አድራሻ ጻፉ። እንደ ወግ ማዕረጉ አርመው ላኩ። ትንሽ ቀለላቸው። ያልታሰባቸው ነገር ቢኖር ሲስተሙ ባለቤት ሲቀየር ለአዲሱ ባለቤት በራሱ ደብዳቤ እንደሚልክ ነው፤ ከነሙሉ ቅጹ፣ ከነሙሉ አባሪው።

ዓርብ ጠዋት ጸሐፊዋ ደወለች። አዲሷ የሲስተም ባለቤት ደብዳቤውን ተቀብላዋለች አለቻቸው፤ አባሪውን አሥራ አንድ ጊዜ ከፍታዋለች፤ መልስ ግን አልሰጠችም።

ሃያ ሦስቱ ነጥቦች አንድ በአንድ ዓይናቸው ላይ መጡ። ነጥብ አምስት፣ «ሻይ ሲጠጣ ድምፅ አለው።» ነጥብ ዘጠኝ፣ «ጆሮው ትልቅ ነው፤ በዘር ይተላለፍ እንደሆነ ይጣራ።» ያን ማታ እራት ላይ ልጃቸው ዳቦ አቀብለኝ ከማለት በቀር ምንም አልተናገረቻቸውም። ቅዳሜ ቁርስ ላይ ጨው አቀብለኝ አለች። ተቆጥታ እንደሆነ ሊጠይቋት ቃጡ፤ ፊቷን አዩና ተዉት። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ደጅ የቆሙት እሳቸው ሆኑ። ለካ ደጅ ይበርዳል።

እሑድ ደረሰ። የልጁ እናት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የመለኪያ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ረስተውት ነው የመጡት። ጠረጴዛው ላይ ሩዝ፣ የተጠበሰ ዶሮና ሰላጣ ቀርቧል። ልጅቷ የታተሙ ወረቀቶች ይዛ ወጣችና ከአባቷ ሳህን አጠገብ አስቀመጠቻቸው። በእያንዳንዱ ነጥብ ፊት ለፊት የአሳንሰር ጠጋኙ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ መልስ ሰጥቷል። ነጥብ አምስት፦ «ታርሟል።» ነጥብ ዘጠኝ፦ «ሊታረም አይችልም፤ በኮፍያ ይሸፈናል።» አባ ቆይ ቀና ብለው አላዩትም። ልጁ ግን ዶሮውን እየቆረጠ፣ ሥራውን እንዲህ አድርጎ የተቆጣጠረለት አለቃ ገጥሞት እንደማያውቅ ተናገረ፤ የሚያሾፍ አይመስልም ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ እናቱ።

ልጅቷ አስረዳቻቸው። ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ሁሉም ሰው ቁጣ ይጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን ቦርሳቸውን ከፍተው፣ የደንበኛ ልኬት የሚይዙበትን ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጡና ከኋላው ገለጡት።

«እኔም አለኝ» አሉ። «የእርስዎን ያህል አይበዛም፤ አሥራ ስምንት ነው።»

አባ ቆይ ሹካቸውን አስቀመጡ። «የማን?»

«የልጅቷ ነዋ። አንድ፤ ቁም ሣጥን ከፍታ አትዘጋም።»

«ቆይ» አሉ አባ ቆይ። ቃሉ የተለመደው ነው፤ አወጣጡ ግን የተለመደው አልነበረም። «ቁም ሣጥን የማትዘጋው ተመልሳ እንደምትከፍተው ስለምታውቅ ነው። ይህ ጉድለት አይደለም፤ አሠራር ነው።»

«ሁለት፤ ገና በተዋወቅን ቀን መነጽር ያስፈልግዎታል አለችኝ።»

«አላስፈለገዎትም?»

ልብስ ሰፊዋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አስተካከሉ። «እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሦስት፤ ስትናደድ አትናገርም።»

«ታስባለች ማለት ነው። ሁለት ቀን ይስጧት፣ በሦስተኛው ራሷ ትመጣለች።» ይህን ሲሉ ልጃቸው አቀርቅራ ሩዙን በሹካ ታስተካክል ነበር። «ምልከታውን ያደረጉት ለስንት ቀን ነው? በምን ሁኔታ? ሥራ ውላ ደክሟት በመጣችበት ቀን ከሆነ ውጤቱ አይያዝም።»

ልብስ ሰፊዋም በሥራቸው የሚቀልድ ሰው አይወዱም። እስክሪብቶ አወጡ። ያዩትን እንዳዩ፣ ሆኖም የአባ ቆይ ሃያ ሦስት ነጥብ ከእሳቸው አሥራ ስምንት የባሰ ጉድ እንደሆነ ነገሯቸው። ይኸው ደረጃ ይቆጥራል ይላል። የሚቆጥረው አሳንሰሩ ቢበላሽ ሽማግሌዎቹ ስንት ደረጃ እንደሚወጡ ለማወቅ ነው፤ ቁጥሩ በበዛበት ሕንፃ ምሳውንም ሳይበላ ይሠራል። ይህ ምኑ ነው ጉድለት? አባ ቆይ ይህን አላውቅም ነበር ብለው ነጥቡን በእጃቸው ዘጉት። በምትኩ ግን የልብስ ሰፊዋ ነጥብ ስድስት፣ «ፊልም እያየች ታለቅሳለች» የሚለው፣ አሁኑኑ እንዲዘጋ ጠየቁ። ልብስ ሰፊዋ በማስታወቂያም ታለቅሳለች፣ የሳሙና ማስታወቂያ ነበር አሉ። እንዴት ያለ ማስታወቂያ እንደነበር ካልተገለጸ አይሆንም ተባለ። ዶሮው ገፋ ተደርጎ ሁለቱ ዝርዝሮች ጎን ለጎን ተዘረጉ። የመለኪያ ሜትሩ ከአንገት ወርዶ ተራ ማስመሪያ ሆነ።

የአባ ቆይ ሚስት አንዴ ሩዝ ይጨመር ወይ ብለው ጠየቁ፤ የመለሰላቸው የለም። አሳንሰር ጠጋኙ ነገሩ ረጅም መሆኑን በሙያው ያወቀው ይመስላል፤ ሹራቡን አነሳ። ልጅቷ ተነስታ አባቷ ትከሻ አጠገብ ቆመች።

«አባዬ፣ ታዲያ ይሁን?»

«ይሁን፣ ይሁን» አሉ አባ ቆይ ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ። «አሁን አታቋርጪኝ። አሥራ አንድን እንይ፤ ‹ስልክ አታነሳም› ይላሉ። በስንት ሰዓት ነው የደወሉት?»

በሩ ተከፍቶ ሲዘጋ የሰማው የለም። ከደረጃው ላይ አንድ የወንድ ድምፅ እየቆጠረ ሲወርድ ተሰማ፤ ከአሥር በኋላ የሴት ድምፅ አብሮት ይቆጥር ጀመር፣ ከዚያ ሳቅ ቁጥሩን አጠፋው። የአባ ቆይ ሚስት እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ባላቸውን ትክ ብለው ያዩ ነበር። ነጥብ አሥራ አራት ሲዘጋ አባ ቆይ ውሃ ሊጎነጩ ቀና አሉ፤ ሁለት ባዶ ወንበሮች አዩ።

«የት ሄዱ?»

«ሄዱ» አሉ ሚስታቸው። «ጠየቀችህ፤ ይሁን አልካት። ሁለት ጊዜ። እናቱም ሰምተዋል።»

ልብስ ሰፊዋ ደብተራቸውን ሳይለቁ ራሳቸውን ነቅንቀው መስማታቸውን አረጋገጡ።

«ሳላጣራ?» አሉ አባ ቆይ።

«ሳታጣራ።»

አባ ቆይ ብርጭቆውን እንደያዙ ወደ በሩ አዩ። አፋቸው የለመደውን ቃል ሊያወጣ ከፈት አለ፤ ግን ለማን እንደሚሉት ጠፋባቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በናፕኪን ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት፣ እንደገና አወለቁት።

«አሥራ አምስት ላይ ነን» አሉ ልብስ ሰፊዋ ዝግ ባለ ድምፅ።

«አሥራ አምስት» አሉ አባ ቆይ። «እርስዎ ያንብቡልኝ እስቲ። ዓይኔ አሁን በደንብ አያይም።»